ስለ ሮማውያን ዘመን አቆጣጠርና ስለ ዓመታት ቁጥር

ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ማርች 15 ቀን ተገደለ ብለን በፈተና ወረቀት ላይ ስንጽፍ መምህሩ ትክክል ነው ብሎ ምልክት ያደርግልናል። ነገር ግን ይህን ቁጥር ለራሱ ለቄሣር፣ ወይም ከገደሉት ሰዎች አንዱ ለሆነው ለብሩቱስ ቢነግሩት ኖሮ ምን እንደ ተባለ አይገባውም ነበር። ገና ስላልተወለደ ሰው አስቀድሞ ዓመት የሚቆጥር ማን አለ? ለእነሱ ያ ዓመት ስም እንጂ ቁጥር አልነበረውም። ስሙም «ቄሣር ለአምስተኛ ጊዜ፣ ማርቆስ እንጦንዮስም ከእሱ ጋር ኮንሱል የሆኑበት ዓመት» የሚል ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያሰብነው፣ የሮማውያንን ታሪክ ስንማር ዓመታቱን እንደ ሎተሪ ቁጥር በቃላችን እየያዝን ከየት እንደ መጡ ሳንጠይቅ ስለምናልፍ ነው። ነገሩም ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በአማርኛ የሚጻፍ ታሪክ ሁለት ዓይነት የዓመት ቁጥር ስለሚገባበት፣ ቁጥሩ ከምን እንደ ተነሣ ያልመረመረ ሰው ሳያስበው ሰባት ስምንት ዓመት ከታሪክ ውስጥ ጥሎ ያልፋል። ይህን ወደ ታች በምሳሌ እናሳያለን። እዚህ ላይ «ዓ.ም.» ስንል የኢትዮጵያን፣ «እ.ኤ.አ.» ስንል የአውሮፓን አቆጣጠር ማለታችን ነው። «ከክ.ል.በ.» የምንለውም የአውሮፓን ቁጥር የተከተለ ነው።

ሮማውያን ነገሥታታቸውን አባርረው ሪፑብሊክ ካቋቋሙ በኋላ በየዓመቱ ሁለት ኮንሱሎች ይመርጡ ነበር። ዛሬ ለአገሩ ጉዳይ በባዕድ ከተማ የሚቀመጠውን ሰው ቆንስል የምንልበት ቃል ከዚሁ የወጣ ነው፤ ሥራው ግን አይገናኝም። የሁለቱ ኮንሱሎች ስም የዓመቱ ስም ነበር። ከ153 ከክ.ል.በ. ጀምሮ ሹመታቸውን የሚይዙት ጃንዋሪ 1 ቀን ነበር፤ አውሮፓውያን ዛሬ አዲስ ዓመታቸውን በዚህ ቀን ማክበራቸው ከዚያ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። ውል የሚዋዋልም፣ ሕግ የሚያወጣም፣ የወይን ጠጅ ጋን የሚያሽግም የሚጽፈው የኮንሱሎቹን ስም ነው። በ121 ከክ.ል.በ. ሉክዮስ ኦፒሚዮስ ኮንሱል በነበረበት ዓመት የተጨመቀው ወይን እጅግ የሠመረ ስለ ነበር፣ ሰውየው ካለፈ ከረጅም ዘመን በኋላም «የኦፒሚዮስ ወይን» እየተባለ ይመሰገን ነበር። በዚያው ዓመት ጋይዮስ ግራኩስንና ብዙ ተከታዮቹን ያስፈጀው ይኸው ኦፒሚዮስ መሆኑን ጠጪዎቹ ያስታውሱት እንደ ሆነ እንጃ።

በዚህ የስም አጠራር ሮማውያን ሲቀልዱም ይገኛሉ። በ59 ከክ.ል.በ. ኮንሱሎቹ ቄሣርና ቢቡሎስ ነበሩ። ቄሣር ጓደኛውን በኃይል አስፈራርቶ ከአደባባይ ስላስወጣው ቢቡሎስ የቀረውን ዓመት ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ስለዚህ ቀልደኞች ሰነድ ሲጽፉ «ቄሣርና ቢቡሎስ ኮንሱል በነበሩበት ዓመት» በማለት ፈንታ «ዩልዮስና ቄሣር ኮንሱል በነበሩበት ዓመት» እያሉ ይጽፉ ነበር ይባላል።

ዓመትን በስም መጥራት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የቀድሞ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «በክፉ ቀን የተወለድሁ ነኝ»፣ «በኅዳር በሽታ ጊዜ ነፍስ አውቄ ነበር» ይሉ ነበር እንጂ ቁጥር አይጠሩም። ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ ማለታችንም እንዲሁ ዓመትን በስም መጥራት ነው። ችግሩ የሚመጣው «ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ?» የተባለ እንደ ሆነ ነው። ስም አይደመርም፤ ስም አይቀነስም። ሮማዊው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የኮንሱሎችን ዝርዝር አውጥቶ በጣቱ እየቆጠረ መውረድ ነበረበት። በአውግስጦስ ዘመን ይህ ዝርዝር በእብነ በረድ ተቀርጾ በሮማ አደባባይ ቆሞ ነበር፤ ስብርባሪው ዛሬ በሮማ በካፒቶሊን ቤተ መዘክር ይገኛል።

«ታዲያ ሮማ ከተቆረቆረች ጀምሮ ይቆጥሩ የለም ወይ?» የሚል አይታጣም። እውነት ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለ ቁጥር ያውቁ ነበር። ነገር ግን በዕለት ኑሮ የሚጠቀምበት ሰው እምብዛም አልነበረም። ከዚህም በላይ ከተማይቱ መቼ እንደ ተቆረቆረች ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናገኘው 753 ከክ.ል.በ. ቫሮ የተባለው ሊቅ በቄሣር ዘመን ያጸናው ነው። ከእሱ በፊት የጻፉት አንዳንዶቹ ጥቂት ዓመት፣ ቂንክዮስ የተባለው ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ወደዚህ አቅርበውት ነበር። በቫሮም ቁጥር ውስጥ የሚያስገርም ነገር አለ። በአራተኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. ውስጥ ኮንሱል ሳይኖር አምባ ገነን ብቻ የገዛባቸው ናቸው ተብለው አራት ዓመታት ተጨምረዋል፤ የዛሬ ተመራማሪዎች አብዛኞቹ እነዚህ ዓመታት ዝርዝሩን ለማሟላት የገቡ እንጂ በእውነት ያለፉ ዓመታት አይደሉም ይላሉ። በሌላ አነጋገር 753 የሚለው ቁጥር ሊቅ አስቦ የደረሰበት ሒሳብ እንጂ ከሮሙሉስ እጅ የወረደ መዝገብ አይደለም። እንደዚያም ሆኖ ቁጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ ፊልጶስ ዓረባዊው ንጉሠ ነገሥት በነበረበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ248 የከተማይቱ ሺኛ ዓመት በታላቅ ጨዋታና ትርኢት ተከብሯል።

እስካሁን ያየነው የዓመቱን ስም ነው። የዓመቱ ርዝመት ደግሞ ከዚህ የባሰ ጣጣ ነበረበት። የጥንቱ የሮማውያን ዓመት 355 ቀን ብቻ ስለ ነበረ፣ ከፀሐይ ጋር ለማስታረቅ ካህናቱ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ገደማ አንድ ወር አልፎ አልፎ ይጨምሩ ነበር። መጨመርና አለመጨመር በካህናቱ ፈቃድ ስለ ሆነ፣ ወዳጃቸው ሲሾም ዓመቱን ለማስረዘም፣ ጠላታቸው ሲሾም ለማሳጠር ይጠቀሙበት ነበር ተብለው ይታማሉ። ቂቄሮ በ51 ከክ.ል.በ. ከሮማ ርቆ በኪልቅያ አገረ ገዥ ሆኖ ሳለ፣ ያ ወር ተጨምሮ ሹመቱ እንዳይረዝምበት በሮማ ያለውን ወዳጁን በደብዳቤ ለምኗል። ሰው ሹመት ይርዘምልኝ ሲል እንጂ ይጠርልኝ ሲል የሚሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ቄሣር ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆረጠው። ሶሲጌኔስ የተባለውን የግብፅ ሊቅ ምክር ተቀብሎ በ46 ከክ.ል.በ. ያን ዓመት 445 ቀን እንዲሆን አደረገ፤ የኋላ ዘመን ጸሐፊ የመጨረሻው የትርምስ ዓመት ብሎታል። ከተከታዩ ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ዓመቱ 365 ቀን ሆነና በአራተኛው ዓመት አንዲት ቀን እንድትጨመር ተወሰነ። ቄሣር ግን ትእዛዙ ሲፈጸም ሳያይ ተገደለ፤ ካህናቱም «በአራተኛው ዓመት» የሚለውን በየሦስት ዓመቱ አድርገው ተረጐሙት። ይህ ስንፍና አይደለም። ሮማውያን ሲቆጥሩ መነሻውንም መድረሻውንም አብረው ይቆጥሩ ነበር። እኛም ዛሬ ሰኞ ሆኖ «የዛሬ ስምንት እንገናኝ» ስንባባል በሚቀጥለው ሰኞ ማለታችን ነው፤ በመካከሉ ያለው ግን ሰባት ቀን ብቻ ነው። በዚህ አቆጣጠር «አራተኛው ዓመት» የሚመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስሕተቱ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በአውግስጦስ ታረመ፤ የተረፉትን ቀኖች ለመመለስም ለጥቂት ዓመታት ቀን ሳይጨመር ቀረ።

አሁን ወደ ግብፅ እንሻገር፤ የኛ ጉዳይ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ግብፃውያን ከጥንት ጀምሮ 12 ወር ባለ 30 ባለ 30 ቀን፣ በመጨረሻም 5 ቀን ነበራቸው። በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ሦስተኛው በጥሊሞስ በ238 ከክ.ል.በ. በካኖፑስ በተሰበሰቡ ካህናት ውሳኔ ቢያሳውጅም ልማዱን የለወጠለት አልነበረም። አውግስጦስ በ30 ከክ.ል.በ. ግብፅን ከያዘ በኋላ ግን የሮማው ሥርዓት በእስክንድርያ ጸና፤ የግብፅ አዲስ ዓመትም በኦገስት 29፣ አንዳንዴም በ30 ላይ ተተከለ። ይህ ቀን ዛሬ በግሪጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው። አንባቢ እንደሚገምተው መስከረም 1 ቀን ማለት ነው። ጳጉሜን የሚለው ስም እንኳ «የተጨመሩ» ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። እንግዲህ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት የምትሆንበት ሥርዓት ከፈርዖናውያን አገር፣ በሮማ ቄሣር ትእዛዝ፣ በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በኩል የደረሰን ነው።

በግብፅ ዓመት የሚቆጠረው በነጋሢው ነበር፤ ጢባርዮስ በነገሠ በዚህኛው ዓመት፣ ኔሮን በነገሠ በዚያኛው ዓመት እየተባለ። ቅዱስ ሉቃስም በወንጌሉ በሦስተኛው ምዕራፍ የመጥምቁ ዮሐንስን ስብከት ዘመን ለማመልከት የጢባርዮስን 15ኛ ዓመት፣ ከዚያም ጲላጦስን፣ ሄሮድስን፣ ፊልጶስን፣ ሊሳንዮስን፣ ሊቃነ ካህናቱንም ጭምር ይጠራል። ለዛሬ አንባቢ የስም ብዛት ይመስላል፤ በዚያ ዘመን ግን ከዚህ የተሻለ የዓመት ምልክት አልነበረም። በሁለተኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. በእስክንድርያ የኖረው የከዋክብት ሊቅ በጥሊሞስ ከባቢሎን ነገሥታት እስከ ሮማ ቄሣሮች ድረስ የእያንዳንዱን የግዛት ዓመት የሚቆጥር የነገሥታት ሠንጠረዥ ይጠቀም ነበር፤ የጨረቃ ግርዶሾችንም በእነዚያ ዓመታት መዝግቧል። የግርዶሹን ቀን ዛሬ ወደ ኋላ አስልቶ ማግኘት ስለሚቻል፣ የጥንቱን ዘመን ከኛ ዘመን ጋር የሚያሥረው ገመድ ይህ ነው። 44 ከክ.ል.በ. ብለን በድፍረት የምንጽፈው በዚህ ዓይነት ማስረጃ ነው።

ከነገሥታቱ ሁሉ ሳይታሰብ ዕድል የገጠመው ዲዮቅልጥያኖስ ነው። እ.ኤ.አ. በ284 ነገሠ፤ በ303 ክርስቲያኖችን ማሳደድ ጀመረ፤ በ305 ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀ። የእስክንድርያ ሊቃውንት ግን ለሒሳብ እንዲመቻቸው፣ ሰውየው ገና በዙፋኑ ላይ እንዳለ አድርገው ዓመታቱን መቁጠር አላቋረጡም። አሳዳጁን ስሙን ማንሣት ስለማይወደድ ቆይቶ ይህ ቁጥር «ዓመተ ሰማዕታት» ተባለ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን እስካሁን ትጠቀምበታለች፤ በኛም የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ከዓመተ ምሕረት ላይ 276 ቢቀንሱ ይገኛል።

ዓመተ ምሕረት ራሱስ? እ.ኤ.አ. በ412 ዓመት አካባቢ በእስክንድርያ አንያኖስ የሚባል መነኵሴ ነበር። ዓለም ከተፈጠረ እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ነው የሚለውን፣ ከእሱ በፊት ዩልዮስ አፍሪካኖስ እ.ኤ.አ. በ221 ገደማ የጻፈውን ሐሳብ ይዞ፣ ከፋሲካው የ532 ዓመት ዙር ጋር አስማማው። በእሱ ሒሳብ ሥጋዌ የሆነው በ5501 ዓመተ ዓለም ማርች 25 ቀን ነው፤ ይህም በአውሮፓውያኑ ቁጥር 9 ዓመት ይሆናል። ማርች 25 በዚያን ጊዜው አቆጣጠር መጋቢት 29 መሆኑን ያየ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጽንሰቱን በዚሁ ቀን የምታስብ መሆኑንም ያስታውሳል። 532ቱንም በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዐቢይ ቀመር ብለን እናውቀዋለን፤ 19 ጊዜ 28 ነው።

ሌላው መነኵሴ በሮማ የኖረው ዲዮናስዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ525 የፋሲካ ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ፣ ከእስክንድርያ የመጣው የቀድሞው ሠንጠረዥ በዲዮቅልጥያኖስ ዓመት የተቆጠረ ሆኖ አገኘው። የአሳዳጁን ስም ማስታወስ ስላልወደደ ከ247ኛው የዲዮቅልጥያኖስ ዓመት ቀጥሎ ያለውን ዓመት ከሥጋዌ 532 ብሎ ጻፈው። ይህ ቁጥር ወዲያው አልተስፋፋም፤ እንግሊዛዊው መነኵሴ ቤዳ እ.ኤ.አ. በ731 በታሪክ መጽሐፉ ስለ ተጠቀመበት ነው ወደ ሌላው አውሮፓ የዘለቀው። በዲዮናስዮስ ዘመን ሕዝቡ ገና በኮንሱል ስም ይቆጥር ነበር፤ ከነገሥታቱ ወገን ያልሆነው የመጨረሻ ኮንሱል ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ541 ከተሾመ በኋላም ሌላ ስለ ጠፋ «ባስልዮስ ኮንሱል ከሆነ በኋላ ይህን ያህል ዓመት» እያሉ ለብዙ ጊዜ ቀጠሉ።

ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ የሮማ ዓለም፣ ከአንድ ዓይነት ሥራ የወጡ ናቸው። በመካከላቸው ሰባትና ስምንት ዓመት የሚለያየው የልደትን ዓመት በተለያየ ስፍራ ስላስቀመጡት ነው። ብዙ ሰው ግን «ልዩነቱ የመጣው አውሮፓውያን በጳጳሱ በግሪጎርዮስ ጊዜ ስላሻሻሉት ነው» ሲል ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። በ1582 እ.ኤ.አ. የተደረገው ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ያለውን ቀን 15 ማለት ነበር፤ አሥር ቀን ተዘለለ እንጂ አንድም ዓመት ቁጥሩ አልተነካም። «ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርተናል» የሚለውም ቀልድ እንደ ቁም ነገር ሲነገር ያስገርመናል። ሄሮድስ የሞተው በ4 ከክ.ል.በ. መሆኑን አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ይቀበላሉ፤ ጌታ የተወለደው ደግሞ ሄሮድስ በሕይወት ሳለ ነው። ስለዚህ የአውሮፓውም ቁጥር የልደቱን ዓመት አልመታም፤ ሌላውን ዘገየ ለማለት መብት የለውም።

አሁን ቀደም ብለን ወደ ተስፋ የሰጠነው ምሳሌ እንምጣ። አውግስጦስ ቄሣር ቂቄሮ ኮንሱል በነበረበት ዓመት ማለት በ63 ከክ.ል.በ. ሴፕቴምበር 23 ቀን ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. በ14 ኦገስት 19 ቀን ሞተ። ስንት ዓመት ኖረ? 63 እና 14 ቢደመር 77 ነው። ነገር ግን ከ1 ከክ.ል.በ. ቀጥሎ የሚመጣው 1 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፣ በመካከሉ ዜሮ የሚባል ዓመት የለም፤ ስለዚህ አንድ ይቀነሳል፣ 76። የልደት ቀኑም ገና አልደረሰም ነበርና የኖረው 75 ዓመት ከወራት ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ስዌቶንዮስ 76 ሊሞላው 35 ቀን ሲቀረው ሞተ ይላል፤ እሱ የተጠቀመው በስም ብቻ ነው፤ እንዲያውም አልተሳሳተም።

አሁን ይህንኑ በአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ እንውሰደው። ጸሐፊው የልደቱን ዓመት ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ ገልብጦ 63 ከክርስቶስ ልደት በፊት ይላል፤ ሞቱን ግን ወደ አገራችን አቆጣጠር መልሶ ነሐሴ 26 ቀን 6 ዓ.ም. ይላል። ሁለቱም ለየብቻቸው ትክክል ናቸው። ተማሪው ደምሮ አንድ ሲቀንስ 68 ያገኛል፤ የልደቱን ቀን ሲያስብ 67። ስምንት ዓመት የት ገባ? የትም አልገባም፤ «ከክርስቶስ ልደት በፊት» የተባለው የዲዮናስዮስን ልደት፣ «ዓ.ም.» የተባለው የአንያኖስን ልደት ስለ ተከተለ በመካከሉ ያለው ዘመን ከሒሳቡ ወደቀ እንጂ። በኛው ቁጥር ወደ ኋላ ቢቆጠር ቄሣር የተገደለበት ዓመት 44ኛው ሳይሆን ከዓመተ ምሕረት መጀመሪያ በፊት 52ኛው ነው፤ እንዲህ ብሎ የጻፈ መጽሐፍ ግን አላጋጠመንም።

የታሪክ ድርሰት የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በአንድ ንግግር ውስጥ ከልደት በፊትና በኋላ የሚሻገር ነገር ሲኖር ሁለቱንም በአንድ አቆጣጠር ጻፉ፤ ወደ ዓ.ም. የምትመልሱትንም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ስምንት እያላችሁ በወሩ መርምሩ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ያሉት ጥቂት ቀኖች ጃንዋሪ ስለሚገባባቸው ለብቻቸው ይታያሉ። ከዚህ የሚቀልም መንገድ በቤታችን አለ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለምን ሲጠቀሙ በፊትና በኋላ የሚባል ስፌት የለባቸውም፤ ቁጥሩ ሳይቋረጥ ይሄዳል። የዓለም ዕድሜ በእርግጥ ይህን ያህል ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለመቀነስ ግን ይመቻል። አውግስጦስ የተወለደው በ5431 ዓመተ ዓለም በመስከረም፣ የሞተው በ5506 በነሐሴ ነው። 5431 ከ5506 ሲቀነስ 75።